የፍሬን ዘይት መጠን ቁጥጥር፦ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የተሽከርካሪ ፍሬን በሚገባ እንዲሠራ የፍሬን ዘይት በተወሰነለት መጠን በቋቱ ውስጥ መገኘት አለበት። ይሁን እንጂ የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ በጉዞ የሚያልቅ ፍጆታ አይደለም። በዝግ መሥመር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ መጠኑ የሚቀንሰው በሁለት ምክንያቶች ነው፦ የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ወይም ዘይቱ ከመሥመሩ ሲፈስ። ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ብቻውን ጥገና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የመጠኑ መቀነስ ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው።

ይህ መረጃ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያላቸውን አውቶሞቢሎች፣ ፒክአፖች፣ ሚኒባሶችና ቀላል የጭነት ተሽከርካሪዎች ይመለከታል። አብዛኞቹ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎችና ትላልቅ አውቶቡሶች በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ስላላቸው የቁጥጥር ሥርዓታቸው የተለየ ነው።

1. የፍሬን ዘይት ሥራ

አሽከርካሪው የፍሬን ፔዳሉን ሲረግጥ የእግሩ ኃይል በማስተር ሲሊንደር አማካይነት ወደ ፈሳሽ ግፊት ይለወጣል። ግፊቱም በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በየጎማው ወደሚገኙት ሲሊንደሮች ይደርስና ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ይህ ሊሆን የሚችለው ፈሳሽ በግፊት ሥር መጠኑ የማይቀንስ በመሆኑ ነው። አየር ግን በግፊት ይታመቃል። በመሥመሩ ውስጥ አየር ከገባ የእግር ኃይል አየሩን በማመቅ ይባክናል፤ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ተሽከርካሪው ግን በሚፈለገው ርቀት አይቆምም።

በቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት ከዝቅተኛው መጠን በታች ሲወርድ አደጋ የሚያስከትለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተሽከርካሪው ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሲታጠፍ ወይም በድንገት ሲቆም በቋቱ የቀረው ጥቂት ዘይት ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ማስተር ሲሊንደሩ በዘይት ፋንታ አየር ሊስብ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ደግሞ ለመርገጥ የሚያጠፋት አንድ ሰከንድ እግረኛ ከሚያቋርጥበት የመንገድ ስፋት የበለጠ ርቀት ታስከፍላለች።

2. የመጠን መቀነስ ምክንያቶች

ሀ. የሸራ መሳሳት። ሸራው በአገልግሎት እየሳሳ ሲሄድ በጎማው በኩል ያለው ፒስተን የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከኋላው የተተወውንም ቦታ ከቋቱ የሚመጣ ዘይት ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት የሚታየው መቀነስ አዝጋሚ ሲሆን በበርካታ ወራት የሚከሰት ነው። ዘይቱ ከመሥመሩ አልወጣም፤ የያዘው ቦታ ብቻ ተለውጧል። አዲስ ሸራ ሲገጠምና ፒስተኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የዘይቱ መጠንም ተመልሶ ከፍ ይላል።

ለ. መፍሰስ። የጎማ ማሸጊያዎች ሲያረጁ፣ ተጣጣፊ ቱቦዎች ሲሰነጠቁ፣ የብረት ቱቦዎች ሲዝጉ ወይም ማያያዣዎች ሲላሉ ዘይት ይፈሳል። በዚህ ምክንያት የሚታየው መቀነስ ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይታወቃል። መፍሰሱ የሚገኝባቸው ቦታዎች በጎማዎቹ ውስጠኛ ገጽ፣ በማስተር ሲሊንደሩ ሥር፣ በቱቦዎቹ መገናኛ እንዲሁም በአሽከርካሪው እግር አካባቢ ከፔዳሉ በላይ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ዘይቱ ከማስተር ሲሊንደሩ ጀርባ ወዳለው የፍሬን አጋዥ ክፍል ስለሚገባ ከውጭ ምንም ጠብታ ላይታይ ይችላል። በመሆኑም መሬት ላይ ጠብታ አለመታየቱ መፍሰስ ለመኖሩ ወይም ላለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሐ. የፍሪሲዮን መሥመር። ፍሪሲዮናቸው በፈሳሽ ግፊት በሚሠራ አንዳንድ ተሽከርካሪዎች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ በአንድ ቋት ይጠቀማሉ። ስለዚህ በፍሬን መሥመሩ ላይ መፍሰስ ካልተገኘ የፍሪሲዮን መሥመሩም መፈተሽ ይኖርበታል።

3. መጠኑን የመመልከቻ ቅደም ተከተል

የፍሬን ዘይት መጠን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜና ከማንኛውም ረጅም ጉዞ በፊት መታየት ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦

• ተሽከርካሪውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፣ የእጅ ፍሬኑን መያዝ፣ ሞተሩን ማጥፋትና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤
• የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የፍሬን ዘይት ቋቱን መለየት። ቋቱ ብዙውን ጊዜ በአሽከርካሪው በኩል ከሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ አጠገብ የሚገኝ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤
• በቋቱ ጎን ላይ የተመለከቱትን የከፍተኛና የዝቅተኛ መጠን መሥመሮች መመልከት። ትክክለኛው መጠን በሁለቱ መሥመሮች መካከል ነው፤
• ቋቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ክዳኑን አለመክፈት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አቧራና የአየር እርጥበት ወደ ዘይቱ ይገባል፤
• ቋቱ ከብረት የተሠራ ወይም ግድግዳው የማያሳይ ሆኖ መክፈት ግድ ከሆነ በቅድሚያ ክዳኑንና ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤
• የታየውን መጠን ከቀኑና ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር መመዝገብ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሆኖም በዝግታ የሚመጣን የሸራ መሳሳት በፍጥነት ከሚመጣ መፍሰስ ለመለየት ከሁሉም የተሻለው መሣሪያ ይኸው ማስታወሻ ነው።

ከመጠኑ በተጨማሪ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ተሽከርካሪው እንደቆመ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ለጥቂት ሰከንዶች መያዝ ጠቃሚ ነው። ጤናማ ፔዳል አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ ይቆማል። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ መፍሰስን ወይም የማስተር ሲሊንደር ብልሽትን ያመለክታል። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ ደግሞ በመሥመሩ ውስጥ አየር መኖሩን ሊያመለክት ይችላል።

4. በዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ቀይ የፍሬን መብራት

ይህ መብራት የእጅ ፍሬን ሲያዝም ይበራል። ስለዚህ በቅድሚያ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መለቀቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተለቆም መብራቱ ካልጠፋ ወይም በመታጠፊያና በቁልቁለት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የዘይቱ መጠን ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። አሽከርካሪው በሚያመች ቦታ ቆሞ ቋቱን መመልከት አለበት። ዘይቱ ከዝቅተኛው መሥመር በታች ከሆነና ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ከሰመጠ ተሽከርካሪውን እያሽከረከሩ ወደ ጋራዥ መውሰድ አይገባም፤ መካኒክ ወደ ቦታው ማስመጣት ወይም ተሽከርካሪውን በመጎተቻ መኪና ማጓጓዝ ያስፈልጋል።

5. ዘይት መጨመር የሚገባበትና የማይገባበት ሁኔታ

መጠኑ በሁለቱ መሥመሮች መካከል እስካለ ድረስ ዘይት መጨመር አያስፈልግም። ወደ ዝቅተኛው መሥመር ሲቃረብ በመጀመሪያ የሸራው ውፍረት መታየት አለበት። ሸራው ሳስቶ ሳለ ቋቱን መሙላት ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ የመጠን መቀነሱ ሊሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ይሰውራል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ሸራው ግን ማለቁን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ አዲስ ሸራ በሚገጠምበት ጊዜ ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ሲገፉ ትርፉ ዘይት ከቋቱ ገንፍሎ የተሽከርካሪውን ቀለም ያበላሻል።

ሸራው በቂ ውፍረት እያለው መጠኑ ከቀነሰ የሚፈስበት ቦታ ተፈልጎ መጠገን አለበት። ከጥገናው በኋላ ወይም ተሽከርካሪውን በጋራዥ ለማስፈተሽ እስኪደረስ ድረስ ዘይት ሲጨመር ከከፍተኛው መሥመር ማለፍ የለበትም። አየር ወደ መሥመሩ ገብቶ ከሆነ ቋቱን መሙላት ብቻውን ፔዳሉን አይመልሰውም። አየሩ ከየጎማው ሲሊንደር በሥርዓት እንዲወጣ መደረግ አለበት። ኤቢኤስ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ይህ ሥራ ልዩ መሣሪያ ሊጠይቅ ስለሚችል ልምድ ባለው ባለሙያ ቢከናወን ይመረጣል።

6. ትክክለኛውን የዘይት ዓይነት መምረጥ

በአማርኛ «የፍሬን ዘይት» የሚለው ስያሜ የተለመደ ቢሆንም በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች የሚገኘው ፈሳሽ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ቅባት አይደለም፤ በፋብሪካ የተቀመመ የተለየ ኬሚካል ነው። በስሙ ተሳስቶ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ወይም ናፍጣ በፍሬን ቋት ውስጥ መጨመር በመሥመሩ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣል፤ ፍሬኑም ሊይዝ ወይም ጨርሶ ሊከዳ ይችላል። ውሃም በማናቸውም ሁኔታ ምትክ ሊሆን አይችልም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ዓይነቶች «ዶት» በሚል ምልክትና በቁጥር ይለያሉ። የእያንዳንዱ ዝቅተኛ የመፍያ ሙቀት እንደሚከተለው ነው፦

• ዶት 3፦ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ሲቀላቀልበት 140 ዲግሪ፤
• ዶት 4፦ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲቀላቀልበት 155 ዲግሪ፤
• ዶት 5.1፦ አዲስ ሲሆን 260 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲቀላቀልበት 180 ዲግሪ።

ዶት 5 በቁጥር ለዶት 5.1 ቢቀራረብም ከሲሊኮን የተሠራ ፍጹም የተለየ ፈሳሽ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለበትም። ለአንድ ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው ዓይነት በቋቱ ክዳን ላይና በአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ባለንብረቱ በሱቅ ከሚሰጠው አስተያየት ይልቅ ይህን ጽሑፍ መከተል ይኖርበታል። የሚገዛው ዕቃም ማሸጊያው ያልተነካ መሆን አለበት። ተከፍቶ የቆየ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ቢተርፍም ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ አይመከርም።

የተሳሳተ ፈሳሽ የተጨመረ እንደሆነ ሞተር ማስነሳትም ሆነ ፔዳል መርገጥ አይገባም። በፔዳሉ ግፊት ፈሳሹ ወደ መሥመሩ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ለባለሙያ ማሳወቅ የጥገናውን ስፋትና ወጪ ይቀንሳል።

7. መጠኑ ሙሉ ሆኖ ዘይቱ የሚያረጅበት ሁኔታ

በቋቱ ውስጥ ያለው መጠን ትክክል መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የአየር እርጥበትን የመሳብ ባሕርይ አላቸው። ከላይ «እርጥበት ሲቀላቀልበት» ተብሎ የተመለከተው የመፍያ ሙቀት የሚለካው ዘይቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲኖረው ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ውሃ የመፍያውን ሙቀት በ65 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንደሚያወርደው ከዝርዝሩ መረዳት ይቻላል። ውሃው በተጨማሪ የብረት ክፍሎችን ከውስጥ ያዝጋል።

የዚህ ጉዳት በይበልጥ የሚታየው በረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል፤ በጣርማበርና በሊማሊሞም ተመሳሳይ ቁልቁለቶች አሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ፍሬንን ሳያቋርጡ መርገጥ የዲስኩን ሙቀት ከ300 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። የሙቀቱ ከፊል ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ በመሥመሩ ውስጥም እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎትም እንደ አየር የሚታመቅ ስለሆነ ጠዋት በከተማ ውስጥ እንከን ያልነበረው ፔዳል በሸለቆው ወገብ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ስለሚጠነክር ብልሽቱ የተወገደ ይመስላል፤ መንስኤው ግን በመሥመሩ ውስጥ እንዳለ ነው።

ስለሆነም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ዘይቱን በአምራቹ መመሪያ በተወሰነው ጊዜ መለወጥ ነው። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ያዛሉ። አዲስ ዘይት ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ መልክ ያለው ሲሆን ጠቁሮ ከታየ መለወጫው እንደደረሰ መገመት ይቻላል። ሆኖም እርጥበት በዓይን ስለማይታይ መልኩ ያልተለወጠ ዘይትም ጊዜው ካለፈ መለወጥ አለበት። ሁለተኛው ጥንቃቄ አነዳድን ይመለከታል። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትን ቀንሶ በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ፍሬንን እየረገጡ በመሐል መልቀቅ እንዲሁም በዜሮ ማርሽ ከመውረድ ፈጽሞ መቆጠብ ይገባል።

8. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች

በኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ቁጥር ጨምሯል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች የሞተር ዘይት ባያስፈልጋቸውም የፍሬን ዘይት ግን ያስፈልጋቸዋል። ፍጥነት በሚቀነስበት ጊዜ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ተሽከርካሪውን ስለሚያዘገየው ሸራው ቶሎ አያልቅም። የዘይቱ እርጥበት መሳብ ግን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በጊዜ የሚወሰን ነው። ስለዚህ የሸራው አለማለቅ ዘይቱን ላለመለወጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

9. በጉዞ ላይ ፍሬን ቢከዳ

• ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፤ በመሥመሩ የቀረው ዘይት ጥቂት ግፊት ሊፈጥር ይችላል፤
• ማርሹን ደረጃ በደረጃ ወደ ከባዱ መቀነስ፤ ሞተሩን አለማጥፋት፤
• የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መያዝ፤
• በጡሩንባና በአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራት ሌሎች መንገድ ተጠቃሚዎችን ማስጠንቀቅ፤
• ዳገት ወይም ሰው የሌለበት ሰፊ ዳርቻ ካለ ወደዚያ መምራት።

ተሽከርካሪው ከቆመ በኋላ ፔዳሉ የተመለሰ ቢመስልም በባለሙያ ሳይፈተሽ ጉዞ መቀጠል አይገባም።

10. ከዓመታዊ ምርመራ ጋር ያለው ግንኙነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው የፍሬኑን ብቃት የሚያሳየው በተመረመረበት ዕለት ነው። ማሸጊያ በማግስቱ ሊቀደድ፣ ሸራም በወራት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የቦሎ መለጠፍ ባለንብረቱንና አሽከርካሪውን ከወርኃዊ ቁጥጥር ኃላፊነት ነፃ አያደርግም። ተሽከርካሪውን ለሾፌር ወይም ለኪራይ የሚሰጥ ባለንብረት የዘይቱን መጠን ማን በየስንት ጊዜው እንደሚመለከት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፤ ባለቤት የሌለው ቁጥጥር በተግባር አይፈጸምም።

11. የአያያዝ ጥንቃቄ

የፍሬን ዘይት መርዛማ ነው። ከሕፃናት በራቀ ቦታ በራሱ ማሸጊያ መቀመጥ እንጂ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ መገልበጥ የለበትም። በአፍ ስቦ ማውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ከተዋጠም ሳይዘገዩ ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ ቀለም ላይ የፈሰሰ እንደሆነ ከማሻሸት ይልቅ ቶሎ በውሃ ማጠብ ጉዳቱን ይቀንሳል። የተለወጠ ዘይት በፍሳሽ ቦይ፣ በወንዝ ወይም በመሬት ላይ መደፋት የለበትም፤ በተዘጋ ዕቃ ተሰብስቦ ዘይቱን ለለወጠው ጋራዥ መተው ይኖርበታል።

ማሳሰቢያ

ተሽከርካሪውን ከጋራዥ የሚረከብ ባለንብረት «ዘይቱ ጎድሎ ነበር፤ ተሞልቷል» የሚል መልስ ሲሰጠው ለምን እንደጎደለ፣ የሸራው ውፍረት ምን ያህል እንደሆነና መፍሰስ አለመኖሩ በምን እንደተረጋገጠ የመጠየቅ መብት አለው። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ እስካልተሰጠ ድረስ ቋቱ ቢሞላም ጥገናው እንደተጠናቀቀ ሊቆጠር አይገባም።